በወጣህበት ማርሽ ውረድ

እስኪ ቁጭ በሉ፤ ቡናው ገና እየተቆላ ነው። ዝናቡም ቶሎ የሚያባራ አይመስልም። ያላችሁት ሚዛን ተፈሪ ነው፤ እዚህ አገር ዝናብ ክረምት ከበጋ ብሎ አይመርጥም። እስኪፈላ ድረስ ደጅ ስለቆመችው መኪና ላጫውታችሁ። ስትገቡ ዓይናችሁ እንዳረፈባት አይቻለሁ፤ አንዳችሁማ ጭቃውን ተሻግራችሁ በመስኮቷ ወደ ውስጥ ስታዩ ነበር።

ዲኤክስ ናት። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፤ ያቺ አራት ማዕዘኗ፣ ስንት ቤተሰብ ለሠርግም ለለቅሶም የተሳፈረባት። እኔ ግን የስፖርት መኪና ነው የምላት። አስቤበት ነው የምለው።

አምና መኪና ልገዛ አዲስ አበባ ሄድኩ። ገንዘቡ የሦስት ዓመት የቡና ገንዘብ ነው። ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር፤ ማኑዋል መሆን አለባት፣ ቀላል መሆን አለባት፣ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ መሆን አለበት። ያገናኙኝ ደላላ ትሑት ወጣት ነው። ሰማኝና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ማኑዋል ምን ያደርግልዎታል? እግርዎን ለምን ያደክማሉ? ዲ ላይ አድርገው ነዳጅ መስጠት ብቻ ነው እኮ» አለኝ። ከዚያ አራት ቀን ሙሉ የማልፈልጋቸውን መኪኖች አሳየኝ። ቪትዝ በየዓይነቱ አየሁ፤ የመቀመጫዋ ላስቲክ ገና ያልተነሳ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪናም አየሁ። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ያሪስ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር ግን አለባት» አለ። ተገጭታ ይሆን፣ ሞተሯ ተከፍቶ ይሆን ብዬ ስጠብቅ «ማኑዋል ናት» አለኝ። እጄና እግሬ ለሠላሳ ዓመት የኖሩበት ሙያ ገበያው ውስጥ ከእንከን ተቆጥሮ አገኘሁት። ከፋኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ነው የከፋኝ።

እንጀራ የሚበላባቸው መኪኖች እንኳ ዛሬም ማኑዋል ናቸው። ከቴፒ ቡና ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ፣ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሰው ሲኖ ትራክ፣ ከመናኸሪያ የሚነሳው ሚኒባስ፣ ሾፌራቸው ቀኑን ሙሉ ማርሽ ሲቀይር ነው የሚውለው። ለቤቱ መኪና የሚገዛ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «አውቶማቲክ ናት?» ብሎ ነው። ሕጉም ነገሩን ወደዚያው ገፍቶታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ አውቶሞቢል ላይ መቶ በመቶ ጣለ፤ ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይ ደግሞ ከዚያም የከበደ። ስለዚህ ከውጭ የስፖርት መኪና ላስመጣ የሚል ሰው ሐሳቡን ገና ወደብ ሳይደርስ ይተወዋል። ከዚያ በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ፤ እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣት ከዓለም ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። ኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፣ ሾፌሩ የሚቀይረው ማርሽም የለውም። እንግዲህ ዛሬ መንገዳችን ላይ ያለው ማኑዋል የቤት መኪና ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ይኼን ሳስበው ፍለጋዬ ባሰብኝ።

በአምስተኛው ቀን ሳሪስ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ተወሰድኩ። ዲኤክሷ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ለሃያ ስድስት ዓመት ራሳቸው ነድተዋታል፤ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ነው የሚሸጧት። በዋጋው ብዙ አልተከራከርንም። ቁልፉን ከሰጡኝ በኋላ ግን አልለቀቁኝም። አጠገቤ ገብተው ተቀመጡና ግቢውን ሁለቴ አዞሩኝ፤ ከዚያ በር ላይ ስንደርስ እጃቸውን ማርሹን በያዘው እጄ ላይ አድርገው «ሁለተኛ ላይ አትቸኩልባት። ዜሮ ላይ ትንሽ አሳርፋት፤ ከዚያ ራሷ ትገባልሃለች» አሉኝ። ሰው ልጁን ሲድር የሚሰጠው አደራ ይመስል ነበር። አውቶማቲክ መኪና ሲሸጥ ምን ተብሎ አደራ ይሰጣል? ቁልፍና ሊብሬ መስጠት ነው፤ አለቀ።

የስፖርት መኪናዋ ነገር እዚህ ጋ ነው። የስፖርት መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀይ ቀለም፣ መሬት የሚልስ ሆድ፣ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ነው። ለእኔ ግን የስፖርት መኪና ማለት ሥራውን ለሾፌሩ የምትተው መኪና ናት፤ ቀላል ስለሆነች መሪዋ የመንገዱን ወሬ ሳይሸራርፍ ያመጣል፣ ጉልበቷ ከኋላ ስለሚመጣ ፊቷ ለመታጠፍ ነፃ ነው፣ ማርሿን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ዲኤክስ ይህን ሁሉ ታሟላለች። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ይህ ኮሮላ፣ ሁሉም ዓይነቱ በኋላ ጎማ የሚሄድበት የመጨረሻው የኮሮላ ትውልድ ነው። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም፤ ሞተሯም 1290 ሲሲ ብቻ ነው። ቀጣዩ ትውልድ ወደ ፊት ጎማ ሲዞር ቶዮታ አንዱን ስፖርታዊ ዓይነት በኋላ ጎማ አስቀረው፤ ከ1983 እስከ 1987 የተሠራው፣ ዛሬ በዓለም ያሉ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ኤኢ 86 እሱ ነው። ዲኤክስ የዚያ ታላቅ እህት ናት። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ውስጥም ስሟ እንደኛው ዲኤክስ ነው፤ እዚያ ወጣቶች በተዘጋ ሜዳ ላይ ኋላዋን እያንሸራተቱ የሚወዳደሩባት፣ እንደ ፈረስ የሚያሳምሯት መኪና ናት። እኛ ዘንድ ግን የአሮጌ ሰው መኪና ተባለች።

እንዲህ ያለው ነገር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከዚህ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘሩ ተለቅሞ በኬንያና በታንዛኒያ፣ ኋላም በኮስታ ሪካ አድርጎ ፓናማ የደረሰው ጌሻ ቡና፣ በ2004 እ.ኤ.አ. እዚያ በጨረታ የዋጋ ክብረ ወሰን ሲሰብር ዓለም ስሙን አወቀው። በትውልድ አገሩ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ከሌላው ቡና ጋር በአንድ ጆንያ ሲጫን ኖሯል። ይኼን የምላችሁ መኪናዬን ከጌሻ ላወዳድር አይደለም፤ ደጃችን ያለውን ነገር ዋጋ ሌላ ሰው እስኪነግረን መጠበቃችን ስለሚቆጨኝ ነው።

የማኑዋል ነገር በሌላውም ዓለም እየቀጠነ የሄደ ክር ነው። ጄኔራል ሞተርስ በኦልድስሞቢል ላይ ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ለ1940 ሞዴል ነበር፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጠው አዲስ መኪና ማኑዋሉ ከመቶ ሁለት አይሞላም። የሚገርመው ግን ክሩን አጥብቆ የያዘው የስፖርት መኪና ገዢ መሆኑ ነው። ፖርሽ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣውን 911 ጂቲ 3 በአውቶማቲክ ብቻ ሠርቶት ነበር፤ ደንበኞቹ አልረካ ቢሉት በ2017 እ.ኤ.አ. ማኑዋሉን መለሰው። ማዝዳ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራት ትንሿ ኤምኤክስ 5 እስካሁን ማኑዋል ትሸጣለች። ሁንዳይ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዮኒክ 5 ኤን ኤሌክትሪክ ሆኖ ሳለ ማርሽ የሚቀየር የሚያስመስል አሠራር አለው፤ በድምፅና በመንገጫገጭ የሌለ ማርሽ ይቀይራል። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። መሐንዲሶቹ መኪናውን ፈጣን ካደረጉት በኋላ አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ቡናው መውቀጫ ውስጥ ገባ፤ ይሰማችኋል? ትንሽ ታገሡ።

ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በበቃ፣ የቡና እርሻው በመንግሥት እጅ በነበረበት ዘመን፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የሚነዳው ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ ሾፌሮቹ ቁጥሩን በጣሊያንኛ እየጠሩ «ኤንትሬ» ይሉታል። እንደዚህ ያለ አሮጌ የጭነት መኪና ማርሹ እንደ ዛሬው ገፋ ሲያደርጉት የሚገባ አይደለም። አባቴ ማርሽ ሲቀንስ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ይነቅልና ዜሮ ላይ ያደርገዋል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቅና ነዳጅ ይሰጣል፤ የጥርሶቹ ፍጥነት መመጣጠኑን በጆሮው ይሰማና እንደገና ረግጦ ያስገባል። ይህ ሁሉ አንድ ትንፋሽ አይፈጅበትም። ካልተመጣጠነ ካምቢዮው ይጮሃል፤ ያ ጩኸት በሾፌር ዘንድ ነውር ነበር። ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. ሲንክሮናይዘር የሚባለውን አሠራር ካመጣ ወዲህ በትናንሽ መኪኖች ላይ ጥርሶቹን የሚያመጣጥነው መኪናው ራሱ ነው። መምህሩ «ዜሮ ላይ አሳርፋት» ያሉኝ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ የዲኤክሷ የሁለተኛ ማርሽ ሲንክሮ ተበልቷል፣ የቀረውን ሥራ የሚሠራላት የሾፌሯ እጅ ነው።

የአባቴ ሕግ አንዲት ናት፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ»። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣኸው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው ማለት ነው። የድሮ ሾፌር ሁሉ የሚያውቃት ሕግ ናት፤ ለእኔ ግን በአባቴ ድምፅ ነው የምትሰማኝ።

ዲኤክሷን ከአዲስ አበባ ወደ ቤት ሳመጣት ያቺ ድምፅ ከእኔ ጋር ነበረች። መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወልቂጤን ካለፍን በኋላ ደጋው ወደ ኋላ ይቀርና መንገዱ ወደ ጊቤ ይወርዳል። አየሩ ይሞቃል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ተራራው በግራ ገደሉ በቀኝ ሆኖ መጠማዘዝ ነው። ከፊቴ አንድ የተጫነ መኪና ነበር፤ ከጎማዎቹ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ እየመጣ ነው። ያ ሽታ የሚያውቀውን ሰው ያስደነግጣል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግልበታል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን ወለሉ ድረስ ቢረግጠው የሚሰማው የለም። ራቅ ብዬ ሦስተኛ ላይ አስገባሁና እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። ሞተሩ ጎርነን ብሎ መኪናዋን ያዛት። ጠመዝማዛው ሲብስ ወደ ሁለተኛ ቀነስኩ፤ ዜሮ ላይ ትንሽ አሳርፌ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቼ። ገባች። የጊቤ ድልድይ ጋ እስክደርስ ፍሬን የነካሁት ለመታጠፊያዎቹ ብቻ ነው።

ሞተር መኪናን እንዴት ይይዛል ለምትሉኝ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ ነዳጅ ስትከለክሉት ጎማው ሞተሩን መግፋት ይጀምራል፣ ሞተሩ ደግሞ እሺ ብሎ አይገፋም። ማርሹ ባነሰ መጠን እምቢታው ይበረታል። ማርሽ ነቅለው በዜሮ የሚወርዱ ሰዎች ጥቂት ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ይህን ትልቅ ረዳት ነው አሰናብተው የሚሄዱት።

አሁን እናንተ «አውቶማቲክም እኮ ቁልቁለት ላይ ዝቅ ያለ ማርሽ ይይዛል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው እንጂ አለው። ኤሌክትሪኩማ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃም ወደ ኦሞ ወርዶ 1870 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችለውን ጊቤ ሦስትን ይዘውራል። በራስ ወንዝ መብራት መሄድ በተገዛ ቤንዚን ከመሄድ ይሻላል፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም።

አውቶማቲክንም አልጠላም። ባለቤቴ ጉልበቷን ከታመመች በኋላ ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቷት መንዳት ትታ ነበር። ሁለት ዓመት የሰው እጅ ስትጠብቅ አየኋት። እህቷ አውቶማቲኳን ስታውሳት ብቻዋን ገበያ ደርሳ የተመለሰች ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። እግሩ ለማይታዘዘው፣ አዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ለሚቆመው ሰው አውቶማቲክ ምሕረት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ማርሽ መቀየርን የሚያውቅ ሰው እንዳያልቅ ነው። ሙያ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ካልተሰጠ መጽሐፍ አያስተምረውም። አንድ ሰው እንኳ መኪናውን ይዞ ልጅ ማስተማር አለበት ብዬ ነው የገዛኋት።

ከሙያው ጋር የሚሄደው ቃል ስንት ነው ብላችሁ ታስባላችሁ? እዚህ ሚዛን ያለውን ጋራዥ ግቡና ስሙ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው፤ ከፊያቱና ከመካኒኩ ጋር መጥቶ እዚህ የቀረ፣ አማርኛ የሆነ። መካኒኩ ከቤንች ገጠር የመጣ ልጅ ነው፣ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አያውቅም፤ «የፍሪሲዮን ሸራዋ አልቋል» ሲል ግን የአያቱን ቋንቋ እንደሚናገር ሰው ነው። ፍሬንና ቸርኬ ይቆያሉ፤ ኤሌክትሪክም ቢሆን ጎማ አለው፣ መቆምም አለበት። ካንዴላ፣ ማርሚታና ፍሪሲዮን ግን ዕቃቸው ሲጠፋ አብረው ይሄዳሉ።

ባለፈው መስከረም የእህቴ ልጅ ስለ ሯጮች የሚተርክ ነገር በሬዲዮ እየሰማች ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። «አጎቴ፣ ምሩጽ ይፍጠርን ለምንድን ነው ማርሽ ቀያሪው የሚሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ስኒዬን አስቀመጥኩ። በሐምሌ 1972 ሞስኮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ሊጨርስ 300 ሜትር ሲቀረው እንዴት እንደተፈተለከ፣ ከቀናት በኋላ በ5 ሺህም ወርቁን እንዴት እንደደገመው ነገርኳት። በ1972 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ 5 ሺህ ሜትሩን ሳይሮጥ መቅረቱን፣ ሞንትሪያልም አገራችን ባለመሄዷ እንዳመለጠው፣ ስምንት ዓመት ጠብቆ ያገኛት ቀን እንደነበረች ነገርኳት። ይህ ሁሉ ገባት። «እሺ፣ ግን ማርሽ ሲቀየር ምን ይሆናል?» አለችኝ። አልገባትም ነበር! እንዴትስ ይግባት? በሕይወቷ የተሳፈረችባቸው የቤት መኪኖች ሲፈጥኑ ዝም ብለው ነው የሚፈጥኑት። ሞተር እያጓራ እያጓራ መጥቶ ድንገት ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እዚያች አንድ ቅጽበት ጸጥታ ውስጥ ሰው እጁን አንቀሳቅሶ፣ ከዚያ መኪናው እንደ አዲስ ሲወረወር ጀርባዋ አያውቀውም። አንድ ሕዝብ ከሚወደው ጀግና ላይ የለጠፈው ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ ትርጉሙ ሊጠፋ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ቁልፉን ሰጠኋት።

የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ ሳናቅደው መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ባትሪዋ ሞቷል። አውቶማቲክ ቢሆን ኖሮ ኬብል ይዞ የሚመጣ ሰው ፍለጋ መሄድ ነበር። እኛ ቡና ለቀማ የሚሄዱ አራት ልጆችን ጠራን። «ቁልፉን ክፈቺ፣ ሁለተኛ ላይ አስገቢ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠሽ ያዢ» አልኳት። ልጆቹ ገፉ፤ ዲኤክሷ በጭቃው ላይ እየተንፏቀቀች ቁልቁለቱን ያዘች። «ልቀቂው!» ስላት ለቀቀች፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ነቀነቀችንና ሞተሯ ተነሳ። ልጆቹ እልል አሉ። የእህቴ ልጅ እጇ እየተንቀጠቀጠ «እግሬ ነው ያስነሳት!» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ መነሳትን ሦስት ሳምንት ተማርን። ሚዛን ዳገት አይጎድላትም። ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አደርግላታለሁ፤ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ትይዛለች፤ ኮፈኑ ትንሽ ቀና ሲል መኪናዋ መያዟን ያሳውቃል፤ ያን ጊዜ ነው የእጅ ፍሬኑ የሚለቀቀው። ስንት ጊዜ እንደጠፋባት አልቆጠርኩም። አንድ ቀን ወርጄ ድንጋዩን ሳነሳው ክብደት እንዳላረፈበት አየሁ፤ መኪናዋ አንዲት ጣት ታህል ወደ ኋላ አላለችም።

ባለፈው እሑድ ቴፒ ደርሰን መጣን። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጫካው በሁለቱም በኩል እጅ የሚነሳ፣ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚታይ መንገድ ነው። እሷ ነች የነዳችው። ስንሄድ እያንዳንዱን መታጠፊያ «ቀንሺ፣ ጨምሪ» እላት ነበር። ቴፒ ምሳ በላን፤ አንዲት እናት ቤት በቡና ቅጠል፣ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የፈላ ጨሞ ጠጣን። ስንመለስ ድካም ያዘኝና ዝም አልኩ። አንድ ቁልቁለት መጣ፤ ታች ጠባብ ድልድይ አለ። ልናገር አፌን ስከፍት እግሯ ከነዳጁ ተነሳ። ፍሪሲዮን ረገጠች፣ ማርሹን ነቀለች፣ ዜሮ ላይ አሳረፈችው፣ ሁለተኛ ገባ። ድምፅ አልነበረም። ሞተሩ ጎርነን አለና ያዘን። ወደ እኔ አላየችም፤ ዓይኗ ድልድዩ ላይ ነው። እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞሬ ጫካውን የማይ መሰልኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። አባቴ ካለፈ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ሲነዳ አላየችውም።

በሉ አቦሉ ደረሰ፤ ጠጡ። ዝናቡም አባራ፣ ተመልከቱ፣ ከአማን በኩል ብርሃን መጣ። ስትጨርሱ በበቃ ድረስ ወጣ እንበል። ቁልፉ እዚያ ሚስማሩ ላይ ነው፤ እናንተ ትነዳላችሁ። ሁለተኛ ላይ ብቻ አትቸኩሉባት፤ ዜሮ ላይ ትንሽ አሳርፏት።